የኩሽናው ቧንቧ፦ ደንቡን ያረቀቀው ሊቀ መንበር በደንቡ የተረታበት ጉዳይ

ኒው ዮርክ ውስጥ የኮኦፕ (ነዋሪዎቹ በአክሲዮን የያዙት ህንጻ) አፓርትመንት ያለው ሰው ኩሽናዬን ላድስ ብሎ ሲነሳ፣ ከአናጺውም ከቧንቧ ሠራተኛውም በፊት የሚጋፈጠው ወረቀት ነው። የእድሳት ውል ይሰጠዋል። የውሉ ገጽ ብዙ ነው። አብዛኛው ሰው ፊርማ የሚያርፍበትን ገጽ ብቻ ፈልጎ ይፈርምና ወደ ሥራው ይሄዳል። ያ ወረቀት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው በደንብ የታወቀው በአንድ የእንፋሎት ቧንቧ የተነሳ ነው። ጠቡ የፈነዳው በ1988 ነው። በ1990 የስቴቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ዘጋው። (ዓ.ም. ካልተባለበት በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ የጎረቤት ክስ ኒው ዮርክ ውስጥ ሞልቷል። ይኼኛው የሚለየው በከሳሹ ማንነት ነው። ሰውየው የህንጻው ቦርድ ሊቀ መንበር ነበር። ነዋሪዎች ቤታቸውን ሲያድሱ የሚከተሉትን መመሪያ በአብዛኛው ያረቀቀውም እሱ ራሱ ነው።

ህንጻው እና ውሉ

ቁጥር 1 ፊፍዝ አቬኑ ማንሃተን ውስጥ፣ ዋሽንግተን ስኩዌር ፓርክ አጠገብ ይገኛል። ባለ 27 ፎቅ ነው። በ1927 ሲሠራ የታሰበው ለአፓርትመንት ሆቴል ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቤት የሚከራይ ሰው ራሱ ያበስላል ተብሎ አይጠበቅም። ምግብ የሚዘጋጀው ታች ነው። ስለዚህ በየቤቱ የተተወው የማብሰያ ቦታ ከጓዳ ብዙም አይሻልም። በ1976 ህንጻው ወደ ኮኦፕ ተለወጠ። ሰዎች ቤታቸው ብለው ይኖሩበት ጀመር። ታዲያ ‹ኩሽናዬን ላስፋ› የሚለው ጥያቄ ከየፎቁ ቢነሳ ምን ይገርማል?

እዚህ ላይ ኮኦፕ ምን እንደሆነ ካልገባን የቀረው ታሪክ ግራ ያጋባል። አገር ቤት የቤት ማኅበር ስንል የምናስበው አባላት ገንዘብ አዋጥተው፣ ቤት ሠርተው፣ በመጨረሻ እያንዳንዱ የየራሱን ካርታ ይዞ የሚለያይበትን ነው። ኮንዶሚኒየም ላይም ባለቤቱ ለቤቱ ካርታ አለው። የኒው ዮርክ ኮኦፕ ግን ሌላ ነው። ህንጻው ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የአንድ ኩባንያ ንብረት ነው። ‹ቤት ገዛሁ› የሚለው ሰው የገዛው የኩባንያውን አክሲዮን ነው። ከአክሲዮኑ ጋር የረጅም ጊዜ የኪራይ ውል ይሰጠዋል። በውሉ መሠረት ይኖራል፣ በየወሩ መዋጮ ይከፍላል፣ ሊሸጥ ሲፈልግም ገዢውን ቦርዱ ማጽደቅ አለበት። ግማሽ ባለቤት፣ ግማሽ ተከራይ ማለት ነው።

የሊቀ መንበሩ የኪራይ ውል ግልጽ ነበር። የውሃ፣ የጋዝ ወይም የእንፋሎት ቧንቧን መለወጥም ሆነ መቀጠል ያለ ቅድሚያ የጽሑፍ ፈቃድ ክልክል ነው።

ምን ተፈጠረ?

ሰውየው ኩሽናውን ለማስፋት የወሰነው በ1987 ነው። በመንገዱ ላይ አንድ የእንፋሎት ቧንቧ ቆሟል። ቧንቧውን ትንሽ ወደ ጎን ማዞር ያስፈልጋል። በእሱ አባባል ይህንን የህንጻውን አርክቴክት አማክሮታል፤ አርክቴክቱም በቃል ፈቅዷል። አርክቴክቱ ደግሞ ወሬው በጥቅሉ እንደነበር፣ ስለ የትኛውም ቧንቧ ለይቶ እንዳልተነገረው፣ ፈቃድም እንዳልሰጠ ተናገረ። ማን እውነቱን እንደተናገረ ፍርድ ቤቱም አልመረመረም። መመርመርም አላስፈለገውም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው።

በ1988 መጀመሪያ ፕላኑ ተሠራ። የህንጻው አርክቴክት አየው፤ ወደ ቦርዱም ቀረበ። ፕላኑ ብዙ ለውጦችን በዝርዝር ያሳያል። የውሃ ቧንቧዎች ለውጥ ሳይቀር አለበት። የእንፋሎት ቧንቧው ግን በየትኛውም ገጽ ላይ የለም። ማርች 14 ቦርዱ ፕላኑን አጸደቀ። በማግስቱ ሰውየው የእድሳት ውሉን ፈረመ። ያ ውል፣ ከላይ ያነሳሁትን፣ እሱ ያረቀቀውን መመሪያ እንዳለ በውስጡ ይዟል። መመሪያው የህንጻውን ማሞቂያ የሚነካ ማንኛውም ሥራ አስቀድሞ በጽሑፍ ይፈቀድ ይላል። አርክቴክቱ ያለፈውን ፕላን እንኳ ቦርዱ መልሶ ሊከለክል እንደሚችልም ይናገራል።

በጸደዩ ማብቂያ የህንጻው አስተዳዳሪ ስለ እንፋሎት ቧንቧው ሰማ። የሰማው ከራሱ ከሰውየው ነው። ለቦርዱ አሳወቀ። ቦርዱ መሐንዲስ ጠራ። የመሐንዲሱ አስተያየት የጉዳዩ እምብርት ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። ሥራው በቴክኒክ የሚቻል ነው አለ። በጥንቃቄ ከተሠራ የግድ ችግር ያመጣል ማለት አይደለም አለ። ነገር ግን ለዓመታት ተደላድሎ የኖረ አሮጌ የቧንቧ መስመር ሲነካ ያልታሰበ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል፤ ከተቻለ አለመንካት ይሻላል አለ።

ለምን እንደዚያ አለ? አዲስ አበባ ላደገ ሰው የእንፋሎት ማሞቂያ እንግዳ ነገር ነው። ምድር ቤት ያለው ቦይለር ውሃ ያፈላል። እንፋሎቱ ቀጥ ብሎ በቆመ ቧንቧ ከፎቅ ወደ ፎቅ እየወጣ የየቤቱን ራዲያተር ያሞቃል። ሙቀቱን ሲሰጥ መልሶ ውሃ ይሆንና ወደ ታች ይወርዳል። በብዙ አሮጌ ህንጻዎች እንፋሎቱ የሚወጣበትና ውሃው የሚወርድበት ቧንቧ አንድ ነው። ቀጥ ያለውን ቧንቧ መሃል ላይ አጥፈው በአግድም ሲያስኬዱት፣ አዘቀዛዘቁ በትክክል ካልተሠራ ውሃ ይቋጥራል። ከታች የሚመጣው እንፋሎት ያንን ውሃ ሲገፋው ቧንቧው ሌሊቱን በመዶሻ እንደሚደበደብ ይጮኻል። ጩኸቱ ደግሞ ቧንቧው ከታጠፈበት ቤት ውስጥ ብቻ አይሰማም። ከላይ ያለው ራዲያተር ላይሞቅ ይችላል፤ ከታች ያለው ጣሪያ ሊያፈስ ይችላል። ቧንቧው የሚያልፈው በአንድ ሰው ኩሽና ይሁን እንጂ የሚያገለግለው መስመሩ ላይ ያሉትን ቤቶች በሙሉ ነው።

ጁን 13 ቦርዱ ተሰበሰበ። ሰውየውም ነበር። የእንፋሎት ቧንቧ አይነካም የሚለው የቆየ አቋም ይከበር ተብሎ ተወሰነ። ውሳኔው ለሰውየው ተነገረው። እሱ ግን የሚመለስ አልሆነም። ኮንትራክተሩ ቧንቧውን ቆርጦ አዞረው። ቦርዱ ይህን ሲያውቅ፣ በኦገስት፣ ሥራው ይቁም የሚል ትዕዛዝ አወጣ። ይህን ትዕዛዝ የማውጣት ሥልጣን የመጣውም ከዚያው መመሪያ ነው።

ፍርድ ቤት

ሰውየው ትዕዛዙ ይሻርልኝ ብሎ ከሰሰ። ኩባንያው ደግሞ ቧንቧውን ወደ ቦታው ይመልስ ሲል መልሶ ከሰሰው።

የመጀመሪያው ዳኛ ለሰውየው ፈረደ። ያየው ነገር ለብዙዎቻችን የሚታየን ነው። ቧንቧው ዞሯል። ምን ጉዳት ደረሰ? ምንም። የህንጻው መሐንዲስ ራሱ አይቶት ጉዳት የሚያመጣ አይመስልም ብሏል። ያለቀ ኩሽና ይፍረስ ማለት ለሰውየው ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ለህንጻው የሚያተርፈው ነገር አይታይም። ስለዚህ የቦርዱ ትዕዛዝ ያለ በቂ ምክንያት የተሰጠ ነው ተብሎ ተሻረ።

ኩባንያው እንደገና ይታይልን አለ። ያው ፍርድ ቤት የራሱን ውሳኔ አንስቶ ለቦርዱ ፈረደ፤ ቧንቧው ወደ ቦታው ይመለስም አለ። ይግባኝ ሰሚው ደግሞ በድምፅ ብልጫ እንደገና ወደ ሰውየው ዞረ። እዚህ ድረስ ጉዳዩ ሦስት ጊዜ ተፈርዶበት ሁለቴ ተገልብጧል። ዳኞቹ ስለ ቧንቧ ስለማያውቁ አይደለም። በምን መለኪያ እንደሚመዝኑት ስላልተስማሙ ነው።

ኤፕሪል 1990 የመጨረሻው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሰጠ። የጻፉት ዳኛ ጁዲት ኬይ ናቸው፤ በኋላ በ1993 የፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ዋና ዳኛ የሆኑት። በፊታቸው ሁለት መለኪያ ነበር። አንደኛው ‹የቦርዱ ውሳኔ ምክንያታዊ ነው ወይ?› ብሎ ይጠይቃል። ይህ ከሆነ ቦርዱ የወሰነውን ሁሉ ዳኛ ፊት ቀርቦ ልክ መሆኑን ማስረዳት አለበት። ሁለተኛው ከኩባንያ ሕግ የተወሰደ ነው። የኩባንያ ዳይሬክተሮች በቅን ልቦና፣ በሥልጣናቸው ክልል ውስጥ ሆነው፣ ለኩባንያው ጥቅም ብለው ከወሰኑ ዳኛ ‹እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር› ብሎ አይገባባቸውም።

ኬይ ሁለተኛውን መረጡ። ቦርዱ ከነዚህ ሦስት መስመሮች ካልወጣ ውሳኔው ይጸናል። ወጥቷል የሚል ነዋሪ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው።

የሰውየው ክርክሮች በዚህ መለኪያ አንድ በአንድ ወደቁ። ፕላኔን አንዴ አጽድቃችሁ፣ ገንዘቤን ካወጣሁ በኋላ መከልከል አትችሉም አለ። መልሱ አጭር ነበር። ቧንቧው ፕላኑ ላይ አልነበረም፤ ቦርዱም እንዳወቀ ወዲያው መሐንዲስ አማክሮ አይሆንም ብሎሃል፤ ከተነገረህ በኋላ ቆርጠህ ስታበቃ በፈቃዳችሁ ተማምኜ ነው ማለት አያስኬድም። ሌላ የቦርድ አባል ስለሚጠላኝ ነው፣ ለሌሎች ነዋሪዎች ፈቅደዋል የሚልም ነበረበት። ማስረጃ አልነበረውም። ቦርዱ ግን በመሐንዲስ ምክር መሥራቱንና ለማንም እንዲህ ያለ ፈቃድ ሰጥቶ እንደማያውቅ አሳየ።

ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነጥብ ነው። ለዚህ ሰው ብቻ ቢፈቀድ ምናልባት ህንጻው ላይ ምንም አይደርስም ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህን አልካደም። ቢሆንም መፍቀድ ግዴታ አይሆንም አለ። ለሁሉም አንድ ወጥ ደንብ ይሻላል ብሎ መምረጥ የቦርዱ ፋንታ ነው። ቧንቧው ወደ ቦታው እንዲመለስ ተፈረደ።

እኔ እንዳየሁት

ፍርዱ ልክ ነው ባይ ነኝ። ግን ልቤ ሙሉ በሙሉ አልተረጋጋም።

ልክ ነው የምለው በአንድ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ዳኛ ጥያቄ ‹ምን ጎዳ?› ነበር። በዚህ ጥያቄ ከሄድን ደንብ የሚባል ነገር አይኖርም። ቀድሞ የቆረጠ ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ምክንያቱም ቧንቧ ሲቆረጥ በዕለቱ አይጮኽም። የሚጮኸው ከሦስት ክረምት በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ስምንት ሰው ቆርጧል፤ የማን ቧንቧ መስመሩን እንዳበላሸው የሚያውቅ የለም። የቦርድ አባላትም ከሥራ መልስ የሚሰበሰቡ ጎረቤቶች ናቸው። ‹አይሆንም› ባሉ ቁጥር ጠበቃ ቀጥረው ዳኛ ፊት የሚቆሙ ከሆነ ወጪው የሚመጣው ከሁሉም ወርሃዊ መዋጮ ነው። በዚያ ላይ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሌላ የቦርድ አባል መገኘቱ ያጠራጥራል።

የማይዋጥልኝ ግን ከኩባንያ ጋር መመሳሰሉ ነው። የአንድ ኩባንያ አመራር ካልጣመኝ አክሲዮኔን ነገ ጠዋት እሸጣለሁ። ኮኦፕ ውስጥ ግን ለመሸጥ እንኳ የምጣላው ቦርድ ገዢዬን ማጽደቅ አለበት። እዚያው እተኛለሁ፣ ልጆቼ እዚያ ያድጋሉ። ኬይም ይህ አልጠፋቸውም። እንዲህ ያለ ሰፊ ሥልጣን ለአድልዎ፣ ለመድሎና ለቂም በር እንደሚከፍት በፍርዳቸው ጽፈዋል። ሦስቱን መስመሮች ያሰመሩትም ለዚያ ነው። ነገር ግን ቂምን በማስረጃ ማሳየት ቀላል አይደለም። ጎረቤት የሚጠላህን ሁሉ በጽሑፍ አያስቀምጥልህም።

የፍርዱ ጥርስ የታየው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። 40 ዌስት 67ኛ ጎዳና የሚባል የማንሃተን ኮኦፕ ውስጥ በ1998 አንድ አዲስ ነዋሪ ገባ። ከላዩ ካሉ አረጋውያን ባልና ሚስት ጋር በጩኸት ተጣላ። ቤታቸው ውስጥ የመጽሐፍ ጥረዛ ሥራ ይሠራሉ ብሎ ከሰሰ፤ ቦርዱ አጣርቶ እንዲህ ያለ ነገር አላገኘም። ከዚያ በራሪ ወረቀት በተነ፣ ክስ በክስ ላይ ደራረበ። በመሃል ያለ ፈቃድ ቤቱን ቀየረ፤ ደንቡ በሚከለክላቸው የሳምንት መጨረሻ ቀናት ግንባታ አሠራ። ባለአክሲዮኖቹ ተሰብስበው ድምፅ ሰጡ። 2,048 አክሲዮን ይውጣ አለ፤ ተቃራኒው ዜሮ። በ2003 ያው የመጨረሻ ፍርድ ቤት በዚያው የቧንቧ ፍርድ ላይ ተመሥርቶ ውሳኔውን አጸናው። ከቧንቧ ተነስቶ ከቤት እስከ ማስወጣት ደረሰ ማለት ነው። ይሄ ሲነበብ ያስደነግጣል። ያም ሆኖ የዚህ ነዋሪ የኪራይ ውል፣ ከአክሲዮኑ ሁለት ሦስተኛውን የያዙት ጠባዩ አይቻልም ብለው ከተስማሙ ማስወጣት እንደሚቻል ቀድሞ ይናገር ነበር። ሲገባ ፈርሟል።

ወረቀቱ ላይ ምን ይፈለግ?

ዛሬ ኒው ዮርክ ውስጥ ለነዋሪ የሚሰጠው የእድሳት ውል የዚህን ፍርድ ጥላ ይዞ ነው የሚመጣው። መያዣ ገንዘብ ይጠይቃል። የኮንትራክተሩን ፈቃድና ኢንሹራንስ ይጠይቃል። የህንጻው አርክቴክት ፕላኑን የሚያይበትን ክፍያ የሚሸፍነው ነዋሪው ነው። የሥራ ሰዓት ይገደባል፤ ብዙውን ጊዜ የሥራ ቀናት ብቻ፣ ያውም ጠዋትና ከሰዓት። ከኤፕሪል 1987 በፊት የተሠራ ህንጻ ከሆነ አስቤስቶስ መኖሩ መመርመር አለበት፤ ይሄኛው የከተማው ሕግ ነው። ብዙ ህንጻዎች ደግሞ ውሃ ያለበትን ክፍል ከታች ካለው ሰው መኝታ ቤት ወይም ሳሎን በላይ ማዛወር ይከለክላሉ። ሻወርህ ጎረቤትህ አልጋ ላይ እንዳይሆን ነው፤ እኔ ከደንቦቹ ሁሉ የማይከራከሩበት እሱ ይመስለኛል።

ዋሽንግተንም ሆነ ኒው ዮርክ አካባቢ ቤት የገዛ ሀበሻ ውሉን ሲቀበል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የገዛው ኮኦፕ ነው ወይስ ኮንዶ የሚለውን ነው። ቀጥሎ ኮንትራክተሩ ሊነካ ያሰበው ነገር በሙሉ ፕላኑ ላይ ይኑር። ፕላኑ ላይ ያልተሳለ ቧንቧ አልተፈቀደም። ‹አስተዳዳሪውን አናግሬዋለሁ፣ ችግር የለም ብሎኛል› ብሎ ነገር የለም። ኢሜይል ይጻፍለት፤ መልሱ ይቀመጥ።

አዲስ አበባ ላይ ሥርዓቱ ሌላ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የግል ቤትንና የጋራ መጠቀሚያን ለይቷል፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበርና መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖርም አድርጓል። ኮንዶሚኒየም ላይ የሚሆነውን ግን ሁላችንም እናውቃለን። በረንዳው በመስተዋት ይዘጋል። ሳሎንና ኩሽናን የሚለየው ብሎኬት ይፈርሳል። አብዛኛው ህንጻ የቆመው በአምድና በምሰሶ ስለሆነ ‹ግድግዳው ምንም አይሸከምም› የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ እውነት ይሆናል። ችግር የሚመጣው ግድግዳው ውስጥ ያለፈው ቧንቧ ሲረሳ ነው። ከላይ ያለው ሽንት ቤቱን ያዛውራል፣ ከታች ያለው ጣሪያ ያረጥባል፣ ኮሚቴው ይጠራል። ኮሚቴው ሽማግሌ ሆኖ ያስታርቃል። ብዙ ጊዜም ይሳካለታል።

በቧንቧው ጉዳይ ቦርዱ እጅ ላይ የነበሩት ሁለት ነገሮች ግን ኮሚቴው እጅ ላይ ብዙ ጊዜ የሉም። አንዱ ከጠቡ በፊት የተጻፈ፣ ለማንም የማያዳላ መስመር ነው። ሌላው ከመወሰኑ በፊት የተጠራ መሐንዲስ ነው። ሁለቱም ብዙ ወጪ የላቸውም። መሐንዲሱ ምናልባት ከነዋሪዎቹ አንዱ ይሆናል፤ መስመሩ ደግሞ በአንድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፋል፦ የትኛው ግድግዳ፣ የትኛው ቧንቧ፣ ማን ሳይፈቅድ እንደማይነካ።